ሉሲ የተገኘችው መልካ ቁንጥሬ አይደለም

ወንድሜ፣ ቤተሰብ ልጆቹን ይዞ መልካ ቁንጥሬን እንዲጎበኝ መምከርዎ ደግ ነው። «ሉሲ የተገኘችበት ስፍራ» ማለትዎ ግን መታረም አለበት፤ ብዙ ሰው እንዲሁ ይሳሳታል። ሉሲ በ1967 ዓ.ም. የተገኘችው አፋር ውስጥ፣ ሐዳር ላይ ነው። ሰውን የሚያሳስተው ወንዙ ይመስለኛል፤ ሁለቱም ስፍራዎች በአዋሽ ወንዝ ሸለቆ ውስጥ ናቸውና።

ከአዲስ አበባ በቡታጅራ መንገድ 50 ኪሎ ሜትር ያህል የሚርቀው መልካ ቁንጥሬ የሉሲን ስም መዋስ አያስፈልገውም። የጥንት ሰዎች ከባልጩት የጠረቧቸው መሣሪያዎች የተገኙበት ነው፤ ባልጩቱ ከሚወጣበት ባልጪት ከተባለው ስፍራ ጋር በ2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ልጆች ጥቁሩን፣ እንደ ጠርሙስ ስባሪ የሚያብለጨልጨውን ድንጋይ ቀረብ ብለው ይዩት፤ ስለቱ እስካሁን ያስፈራል። በዚያው ጉዞ ከዓለት የተፈለፈለችውን አዳዲ ማርያምንም መሳለም ይቻላል።