ፕሬዚዳንቱ ከመመረጡ በፊት ሚዛኑ ይፈተሽ

ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የስድስት ኪሎ ዋና ግቢ በር ተነስቶ ቁልቁል ለሚወርድ ሰው አራት ኪሎ የሩብ ሰዓት ያህል የእግር መንገድ ነው። ከላይ ዩኒቨርሲቲው፣ ከታች ትምህርት ሚኒስቴርና ፓርላማው። የዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንት ሹመት ነገር ከሰባ ዓመት በላይ ሲያከራክር የኖረው በዚህች አጭር መንገድ ላይ ነው። ሰውየው የሚወሰነው ላይ ነው ታች?

የዛሬው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በ1943 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሆኖ ሲከፈት ካናዳዊው የኢየሱሳውያን (ጀስዊት) ማኅበር ካህን ዶክተር ሉሲየን ማት በንጉሠ ነገሥቱ ፈቃድ ፕሬዚዳንት ሆኑ። መንግሥታት ተለዋወጡ፤ የመጨረሻው ፊርማ ግን ታች ቀረ። በ1985 ዓ.ም. ከ40 በላይ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ከሥራ ሲባረሩ፣ የፊርማው ጉዳይ የመማሪያ ክፍል ድረስ እንደሚዘልቅ ሁሉም አየ።

ዛሬ ከ40 በላይ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች አሉ። በወረቀት ላይ አሠራሩ ውድድር ነው። ማስታወቂያ ይወጣል፣ ቦርዱ ያወዳድራል፣ ዕጩዎች ወደ ሚኒስቴሩ ይላካሉ፣ ሹመቱ ከዚያ ይመጣል። ይሁንና አዲስ ፕሬዚዳንት በተሾመ ቁጥር «ምን ሠርቷል?» ከሚለው ጥያቄ ቀድሞ የሚሰማው «የየት ልጅ ነው?» የሚለው ነው። በክልል ከተሞች ደግሞ ፕሬዚዳንቱ የአካባቢው ተወላጅ ይሁን የሚል ያልተጻፈ ደንብ ሥር ሰድዷል። አንዱ ወገን «ብቃት ብቻ» ይላል፣ ሌላው «ተዋጽኦ ይጠበቅ» ይላል። ሁለቱም ነጥቡ እንዴት እንደሚደመር ሳያዩ ነው የሚከራከሩት።

እስቲ አንድ የውድድር ወረቀት እንይ። ለትምህርት፣ ለምርምርና ለሥራ ልምድ 40፣ ለስትራቴጂክ ዕቅድ 30፣ ለቃለ መጠይቅ 30 ተመድቧል እንበል። ትልቁ ድርሻ የብቃት ማስረጃው ይመስላል። ለዚህ ቦታ የሚቀርቡት ግን ሁሉም ፕሮፌሰሮች ወይም ተባባሪ ፕሮፌሰሮች ስለሆኑ በሰነድ የሚያገኙት ከ34 እስከ 37 ነው። በመካከላቸው ያለው ልዩነት 3 ነጥብ ብቻ! ቃለ መጠይቁ ላይ አንዱ 15፣ ሌላው 28 ያገኛል፤ ልዩነቱ 13 ነው። ስለዚህ 40 የተባለው ማንንም አይለይም፤ አሸናፊውን የሚወስነው የግማሽ ሰዓት ወግ ነው።

ጉዳቱ በዚህ አያበቃም። ከአምስት ጠያቂዎች አራቱ ለአንድ ተወዳዳሪ 24፣ 24 ቢሰጡትና አምስተኛው 9 ቢሰጠው አማካዩ 21 ይሆናል። የአንድ ሰው ብዕር 3 ነጥብ አወረደ ማለት ነው፤ ይህ ደግሞ ከላይ በሰነድ ያየነውን ልዩነት በሙሉ ያክላል። የሃያ ዓመት ምርምርና ማስተማር በአንድ ሰው ውጤት ተሰረዘ። ፓርቲ፣ ብሔር፣ ትውውቅ የሚገቡት በዚህ ቀዳዳ ነው፤ ማንም ድምፁን ከፍ አድርጎ መናገር አያስፈልገውም።

ቀዳዳው የሚደፈነው በቀላል ነገር ነው። ለሁሉም ተወዳዳሪ አንድ ዓይነት ጥያቄ ይቅረብ። 10 የሚያሰጠው መልስና 5 የሚያሰጠው መልስ ምን እንደሚመስል አስቀድሞ ይጻፍ። ጠያቂዎቹ እርስ በርስ ሳይነጋገሩ ነጥባቸውን ሞልተው ይፈርሙ። ከፍተኛውና ዝቅተኛው ወጥቶ የቀሩት ነጥቦች አማካይ ይያዝ፤ ከላይ ባለው ምሳሌ ተወዳዳሪው 24ቱን ይዞ ይወጣል። ዕቅዱም ቢሆን ሌላ ሰው የጻፈው ሊሆን ስለሚችል ብቻውን አይታመንም። ተወዳዳሪውን ክፍል አስገብቶ አንድ መዝገብ መስጠት ይሻላል፦ ግንባታው የቆመ ሕንፃ፣ የተማሪዎች ምግብ ቤት ጨረታ ላይ የቀረበ አቤቱታ፣ ሌሊት በመኝታ ክፍል የተነሳ ግጭት። ሁለት ሰዓት ይሰጠውና ውሳኔውን በጽሑፍ ያቅርብ። መንግሥት የ12ኛ ክፍል ተማሪን ኩረጃ ለመከላከል ብሎ ዩኒቨርሲቲ ግቢ አስገብቶ ፈትኗል፤ ተመራቂውንም የመውጫ ፈተና አስቀምጦታል። ለዩኒቨርሲቲው መሪ ከዚህ የላላ ፈተና መኖሩ ያሳፍራል።

ታዲያ ብዝኃነት ቦታ የለውም? አለው፣ ሰፊ ቦታም አለው። ብዙ ቋንቋ የሚናገሩ፣ ከብዙ አካባቢ የመጡ ተማሪዎችን የሚያስተዳድር ግቢ አመራሩ የአንድ መንደር ልጆች ስብስብ ከሆነ የመጀመሪያው ግጭት ዕለት ማንም አያምነውም። ጥያቄው ተዋጽኦ መቼ ይግባ ነው። ነጥብ ከተደመረ በኋላ ከገባ ያሸነፈውንም ያዋርዳል፣ የተሸነፈውንም ያስቆጣል። መግባት ያለበት ጥሪው ላይ ነው። ማስታወቂያው በአሥር የሥራ ቀን ከተዘጋ የሚደርሰው ቀድሞ ለተነገረው ሰው ነው፤ ሁለት ወር ይሰጠው፣ የየዩኒቨርሲቲው ሴኔትም ዕጩ እንዲጠቁም ይጋበዝ። ሴቶች ፕሬዚዳንቶች ዛሬም በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። መጨረሻ ላይ ነጥብ መጨመር መፍትሔ አይሆንም፤ ምክንያቱም አብዛኞቹ ማመልከቻ ሳያስገቡ ነው የሚቀሩት። የትምህርት ክፍል ኃላፊነትና ዲንነት እንደ አመራር ልምድ ሙሉ ነጥብ ቢያገኝ በሩ ለብዙዎች ይከፈታል። ከዚያ በኋላ ያለው ተዋጽኦ በምክትል ፕሬዚዳንቶቹ ምደባ ይሟላል፤ እነሱ ብዙ ናቸው፣ ፕሬዚዳንቱ ግን አንድ ነው።

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 90 ትምህርት ከፖለቲካ አመለካከት ነፃ በሆነ መንገድ ይካሄድ ይላል። ሚኒስቴሩ ጨርሶ እጁን ያንሳ ግን አንልም፤ ገንዘቡ የሕዝብ ነው፣ ተጠያቂነት ያስፈልጋል። የምንጠይቀው ፊርማው በግልጽ እንዲሆን ነው። ሦስት ስም ያለ ደረጃ ሲላክ ሦስተኛው ቢሾም ማንም አያውቅም። ስሞቹ ከነነጥባቸው ይላኩ፣ ነጥቡም በዩኒቨርሲቲው ድረ ገጽ ይውጣ። ሚኒስቴሩ አንደኛውን ካለፈ ምክንያቱን በጽሑፍ ለሴኔቱ ይስጥ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ራስ ገዝ በሆነበት በዚህ ጊዜ፣ የዩኒቨርሲቲዎች ራስ ገዝነት አዋጅ ቁጥር 1294/2015 በሥራ ላይ እያለ፣ ይህን ለመጀመር ከስድስት ኪሎ የተሻለ ቦታ የለም።

የቀረው ተጠባባቂነት ነው። በውክልና የተቀመጠ ሰው ወር በወር ሊነሳ ስለሚችል የአምስት ዓመት ዕቅድ አያወጣም፣ ጉልበተኛ ዲን አያነሳም፣ አራት ኪሎ የሚጠላውን ውሳኔ አይወስንም። የፕሬዚዳንቱ ዘመን የሚያበቃበት ቀን አስቀድሞ ይታወቃል። ማስታወቂያው ከስድስት ወር በፊት ይውጣ፤ ተጠባባቂ የሚባለውም ሞት ወይም ድንገተኛ ስንብት ሲኖር ብቻ፣ ያውም ከሦስት ወር ላልበለጠ ጊዜ ይሁን።