ስለ ጋሼ ትንሽ ልጨምር

ጎንደር ላይ የፀሐይ ኃይል ኩባንያችንን ካቋቋሙት አንዱ የነበሩትን ጋሼን ስላስታወሳችሁ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ነፍሳቸውን ይማር። ስለ እሳቸው ያወጣችሁት የመታሰቢያ ጽሑፍ ስለ ኩባንያው ካፒታልና ስለ ሥራው መስፋፋት በደንብ ይናገራል። እኔ ደግሞ አብሬያቸው የሠራሁ ቴክኒሻን ነኝ።

ጋሼ ፓኔል ከመስቀላቸው በፊት ስለ ባትሪ ያስተምሩ ነበር። ደምቢያ ገጠር ስንወርድ መጀመሪያ የሚጠሩት እናቶችን ነው። ቤት ውሎ ባትሪውን የሚያየው ሌላ ማን አለ? የአሲድ ባትሪ የያዘው ኃይል ደጋግሞ ከግማሽ በታች ከወረደ ዕድሜው ያጥራል። የሚጨመርለትም የተጣራ ውሃ እንጂ የቧንቧ ውሃ አይደለም። ይህን በደንብ ሳያስረዱ ከዚያ ቤት ንቅንቅ አይሉም። ሐምሌና ነሐሴ ሰማዩ ሲጨልም ደግሞ «ቴሌቪዥኑ ይቅር፣ ለመብራቱ ቆጥቡ» ይሉ ነበር።

ፓኔሉን 15 ዲግሪ ገደማ ወደ ደቡብ እናዘነብለዋለን። ጎንደር ከምድር ወገብ በስተሰሜን 12 ዲግሪ ተኩል ገደማ ላይ ስለሆነች፣ ዓመቱን በአብዛኛው ፀሐይዋ በደቡብ በኩል ናት። ዘንበል ሲል ዝናቡም አቧራውን ያጥብልናል። ጋሼ ይህን ጣሪያ ላይ ወጥተው ራሳቸው ይለኩት ነበር፣ በዚያ ዕድሜያቸው!

የጤና ጣቢያ ጉዳይ ከሆነማ እሑድ የለ፣ በዓል የለ። የክትባት ማቀዝቀዣ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መጠበቅ አለበት። ስልክ ከተደወለ ቡናውን ትተው ይነሣሉ።

አንድ ነገር ብቻ ቅር አሰኝቶኛል። ባለቤታቸው በጽሑፉ አልተነሡም። ኩባንያው ቢሮ ሳይኖረው ዕቃው ሁሉ የተቀመጠው እሳቸው ሳሎን ነበር። እትዬ፣ ይህን ካነበቡ፣ እግዚአብሔር ያጽናዎት።