ለክቡር አቶ ፋይንድ፡ ምንም ሳያገኙ «ተሳክቷል» ስለማለትዎ

ይድረስ ለክቡር አቶ ፋይንድ
የፋይል ፍለጋ የበላይ ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እኔ ከዲስኩ መሙላት በስተቀር እጅግ ደህና ነኝ።

እርስዎ እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ጀምሮ በሥራ ላይ ያሉ፣ ፋይል የሚፈልጉ አንጋፋ የኮምፒውተር ትእዛዝ ነዎት። ዩኒክስ የሚባለው የኮምፒውተር ሥርዓት ዘመን ሰው። የስንቱ ሶፍትዌር ግብዓተ መሬት ሲፈጸም እርስዎ ቆመው አይተዋል። ስለዚህ ይህን ደብዳቤ የምጽፈው በታላቅ አክብሮት ነው። አክብሮቱ የት ድረስ እንደሚዘልቅ ግን ቃል አልገባም።

ሰኞ ለማክሰኞ ሌሊት ዳታቤዙ መጻፍ አቆመ። ዲስኩ ሞልቷል። ማን ሞላው? ሎግ፣ ፕሮግራሞች የሚጽፉት የሥራ መዝገብ። አሮጌ ሎግ የማጥፋት ኃላፊነት የማን ነው? የእርስዎ። በየሌሊቱ ሰዓት ጠባቂው ክሮን ይቀሰቅስዎታል። ስክሪፕቱ ሎጎቹ ወዳሉበት ፎልደር ይገባና ይህችን መስመር ይሰጥዎታል፦

ፋይንድ . -ኔም *.ሎግ -ኤምታይም +7 -ዲሊት

ከዚህ በላይ ግልጽ ትእዛዝ ለማን ይሰጣል? ከዚህ ፎልደር ጀምረህ እስከ ታች ውረድ፣ ሎግ የሆነውን ፈልግ፣ ከሰባት ቀን በላይ የቆየውን ጣል። ላፕቶፔ ላይ ስሞክረው ልቅም አድርገው ጠርገውልኛል። እኔም አምኜ ለሰርቨሩ ሰጠሁዎት።

ማክሰኞ ጠዋት ስብሰባ ተጠራ። ስክሪኔን ሼር አደረግኩ። ሥራ አስኪያጃችን «የጽዳቱን ሪፖርት ክፈተው» አለኝ። ከፈትኩ። «ጽዳቱ በተሳካ ሁኔታ ተጠናቋል።» ቀጣዩ መስመር፣ «ጽዳቱ በተሳካ ሁኔታ ተጠናቋል።» ከዚያ በታችም ያው። ሰውዬው አንድ በአንድ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበው። መሀል ላይ ሊያቆም ይችል ነበር። አላቆመም።

«እስቲ አሁን እዚሁ፣ እያየን አስነሳው» አለ።

ጻፍኩ። ኢንተር። እርስዎም ሄዱ፣ መጡ፣ ምንም አላሉም። ከርሰሯ ብልጭ ድርግም ትላለች። ሎጎቹ እዚያው እንደተቆለሉ ናቸው። መቼም ስህተት ካለ የመመለሻ ኮዱ ይናገራል ብዬ $? ብዬ ጠየቅኩ። ዜሮ። ሁሉም ሰላም፣ ሥራው ተሳክቷል። ከተሰብሳቢዎቹ አንዱ ማይኩን መዝጋት ረስቶ ሲስቅ ተሰማ።

ይሄኔ ገና በቅርቡ የተቀጠረ ልጅ በትህትና ገባ። «ጋሼ፣ ላይኛው ፎልደር ውስጥ የሎግ ፋይል አለ እንዴ?» አየን። አለ። «ሙከራ.ሎግ» የምትባል፣ አንድ የተባረከ ሰው ከጥቂት ቀናት በፊት ፈጥሮ ትቷት የሄደ፣ ውስጧ ባዶ የሆነች ፋይል። የምጽፈውን ትእዛዝ ተቀብሎ የሚያስተላልፈው ሼል ሆዬ መስመሬን ለእርስዎ ከማቀበሉ በፊት፣ «የትኛውም ስም» የምትለውን ኮከብ (*) ሲያይ ዙሪያውን ቃኘ፣ ይህችን ፋይል አገኘ፣ በኮከቧ ቦታ ስሟን ተካ። ለእርስዎ የደረሰዎት እንግዲህ «-ኔም ሙከራ.ሎግ» የሚል ትእዛዝ ነው። ስንትና ስንት ጊጋባይት አሮጌ ሎግ ረግጠው አልፈው፣ ይህችን አንዲት ባዶ ፋይል ፈልገው፣ አግኝተው፣ ገና አዲስ ናት ብለው ትተዋት ተመለሱ። ላፕቶፔ ላይ የሠሩት ላይኛው ፎልደር ውስጥ አንድም ሎግ ስላልነበረ ነው። ሼል የሚተካው ሲያጣ ኮከቧን እንዳለች ያሳልፋታል።

ልጁ ግን በዚህ አልበቃውም። «ሁለተኛ ፋይል ብንጨምርስ?» ብሎ ሌላ ባዶ ሎግ አስጨመረኝ። ያን ጊዜ አንደበትዎ ተፈታ። «መንገዶች ከመግለጫው መቅደም አለባቸው» አሉ። ስለ መንገድ ማን አነሳ? አንድ ፋይል ሲያሳስትዎ ዝም፣ ሁለት ሲሆን የሰዋስው ትምህርት። ልጁ ከኮከቧ ስም ግራና ቀኝ ጥቅስ ጨመረ። ሎጎቹ ጠፉ፣ ዲስኩ ተነፈሰ።

ሥራ አስኪያጁ ስክሪኑን አየ፣ እኔን አየ። «በቃ? ይቺው ናት?» አለ።

አውቃለሁ፣ ጠበቃዎ ብዙ ነው። «ኮከቧን የዘረዘራት ሼል ነው፣ ፋይንድ ምን በወጣው?» ይላሉ። ደግ። ሼል የራሱ ደብዳቤ ይደርሰዋል። የኔ ጥያቄ ሌላ ነው። አንድም ፋይል ሳያጠፉ የተመለሱበትን ሌሊት በምን ሒሳብ ነው ስኬት ያሉት? ጽሑፍ ፈላጊውን ግሬፕን ይመልከቱ። የእርስዎው ዘመን ሰው ነው። ያገኘ ቀን ዜሮ ይመልሳል፣ ያጣ ቀን አንድ። አጣሁ ለማለት አላፈረም። የጠፋ በግ ፈልግ የተባለ እረኛ ባዶ እጁን መጥቶ «ተራራውን በደንብ ዞሬዋለሁ፣ ሥራዬን ጨርሻለሁ» ቢል ማን ያመሰግነዋል?

ይባስ ብሎ ያገኙ ቀን ነው የሚያኮርፉት። ዲስኩን ሙሉ ፈልፍለው፣ የተባሉትን ሁሉ ለቅመው፣ አንዲት ፎልደር «ፈቃድ የለህም» ብላ በሯን ከዘጋችብዎ ውጤቱ ስህተት ነው። ስክሪፕቱ አናት ላይ «ስህተት ካየህ ቁም» የሚል ካለ እዚያው ቀጥ ይላል። ሁሉን አግኝቶ አንድ በር ሲዘጋበት ወደቅኩ የሚል፣ ምንም ሳያገኝ አለፍኩ የሚል!

በየሌሊቱ እኮ ነው የዋሸኸው። ተረኛዋ ልጅ ሌሊቱን ሙሉ ስልክ ስታነሳና ስትሰደብ ያደረችው ባንተ ዜሮ ምክንያት ነው። አንዲት መስመር ብታወጣ ምን ይነካሃል? «ምንም አላገኘሁም»። አለቀ። ማስጠንቀቂያ የሚባል ነገር እንደምታውቅ ደግሞ አውቃለሁ። ከ-ኔም ቀጥሎ የፎልደር ስም ከነስላሹ የሰጠሁህ ቀን «እኔ የማየው የፋይሉን ስም ብቻ ነው» ብለህ አስጠንቅቀኸኛል። ግን መቼ? ኪቦርድ ላይ ተቀምጬ ሳለሁ። የጂኤንዩው አንተ፣ ሊኑክስ ላይ ያለኸው፣ ከወዲያ በኩል ሰው የሚጽፍበት ተርሚናል ከሌለ ማስጠንቀቂያህን ትውጣለህ። ማለትም ሰው ሲያይህ ጠንቃቃ፣ ሌሊት ከክሮን ጋር ብቻህን ስትሆን ዲዳ። ማስጠንቀቂያ የሚያስፈልገው መቼ ሆነና?

ይቅርታ፣ አንቱታው አመለጠኝ።

ዝምታ ወርቅ ነው የሚሉኝ የዩኒክስ ወዳጆች አሉ። ጥሩ ትእዛዝ ሥራው ከተሳካ አይለፈልፍም ይላሉ። እስማማለሁ፣ ከተሳካ።

አንዴ ከጀመርኩ የቆየውንም ላንሳ። ከሰባት ቀን በላይ የሆነውን ስልዎት ስምንት ቀን እስኪሞላው ይጠብቃሉ። ሰባት ቀን ከሃያ ሦስት ሰዓት የሆነው ፋይል ለእርስዎ ገና ሰባት ነው፣ ሽርፍራፊውን ይቆርጡታል። ሰባት ደግሞ ከሰባት አይበልጥም። ሒሳቡ ልክ ነው። ልክ መሆኑ ነው የሚያናድደው።

ባገኙት ፋይል ላይ ሌላ ትእዛዝ ከምታስነሳው ከ-ኤግዜክ በኋላ ያለችው ሴሚኮለን ባክስላሽ ካልለበሰች ሼል ይበላታል፣ የሚቆጡት ግን እኔን ነው።

ማክ ላይ ያለው ወንድምዎ ደግሞ ከየት እንደሚጀምር ካልነገሩት ከቤቱ አይወጣም።

-ዲሊትን ግን እንዲህ በአጭሩ አልፋት ዘንድ አልችልም። መስመሩ መጨረሻ ላይ ስትቀመጥ ታዛዥ ናት። ተሳስቶ ከ-ኔም ፊት ያስቀመጣት ሰው ግን ከዚያ ፎልደር በታች ያለውን ሁሉ ይሰናበታል። እርስዎ የተባሉትን ከግራ ወደ ቀኝ ነው የሚፈጽሙት። መጀመሪያ ያጠፋሉ፣ ከዚያ ስሙን ያያሉ። መቅደም ያለበት ምን እንደሆነ ያን ያህል የሚገድዎት ከሆነ፣ መንገድና መግለጫን ትተው እዚህ ላይ ቢቆጡልን ምን ነበር? «እርግጠኛ ነህ?» የለም። «ሁሉንም ነው?» የለም። መመሪያዎ ውስጥ ስለዚህ ማስጠንቀቂያ ተጽፏል አሉ። መመሪያውን ሰው የሚያነብበው መቼ እንደሆነ ለማንም የተሰወረ አይደለም።

«ወይም» የምትለዋም -ኦ እንደዚያው ናት። ሎግ የሆነውን ወይም ጊዜያዊ የሆነውን አጥፋ ብዬ መጨረሻ ላይ -ዲሊት ባስቀምጥ፣ የሚጠፋው ጊዜያዊው ብቻ ነው። ሁለቱን በቅንፍ ማሰር አለብኝ። ቅንፉም በባዶው ከሄደ ሼል ለራሱ ይወስደዋል፣ ስለዚህ እሱንም ባክስላሽ ላለብሰው። አንዲት ፋይል ለማጥፋት ይህን ሁሉ ባክስላሽ!

የፋይል ስም ውስጥ ክፍት ቦታ ያለበትን ጉዳይማ ሁላችንም እናውቀዋለን። «የመጨረሻው ሪፖርት የተስተካከለ» የሚል ፋይል ስሞችን ተራ በተራ በሚያነሳው ፎር ሉፕ ውስጥ ሲያልፍ ሦስት ፋይል ሆኖ ይወጣል፣ ሦስቱም የሉም። ስሞችን ተቀብሎ ለሌላ ትእዛዝ ወደሚያቀብለው ኤግዛርግስ ቢልኩትም ያው ነው። እሱ ደግሞ ስሙ ውስጥ አንዲት ነጠላ ጥቅስ ካየ መዝጊያዋን አምጡ ብሎ ሥራ ያቆማል። መድኃኒቱ እርስዎን -ፕሪንት0፣ እሱን -0 ማለት ነው፣ ያኔ ስሞቹ በክፍት ቦታ አይቆራረጡም። ይህን ለማወቅ መጀመሪያ የሆነ ነገር መጥፋት አለበት፣ ሥርዓቱ እንደዚያ ነው።

አሁን ወደ ጥያቄዬ ልምጣ። ዜሮዎን ይቀይሩ አልልም። በዚህ ዕድሜዎ ባሕርይ አይለወጥም። ደግሞም ያችን ዜሮ አምነው የተጻፉ ስክሪፕቶች በየሰርቨሩ ስላሉ፣ ቢቀይሩ ሌላ ማክሰኞ ይመጣብናል። ስለዚህ አጠገብዎ ሰው መድቤያለሁ። ከ-ዲሊት በፊት -ፕሪንት አስገብቼ፣ የሚያወጡትን ሁሉ በፓይፕ ለ«ግሬፕ .» እሰጠዋለሁ። የሚጠፋ ካለ ስሙን ይመዘግባል፣ ምንም ከሌለ አንድ ብሎ ያስታውቀኛል። «ዝም በል» የሚለውን -ኪው ሆን ብዬ አልሰጠሁትም። ያ ከተሰጠው የመጀመሪያዋን ስም እንዳየ ይወጣና እርስዎ የሚያወሩት አጥተው ሥራውን መሀል ላይ ጥለው ይሞታሉ። ያንንም ሞት ቢሆን እንደ ስኬት ሊያስመዘግቡት ይችላሉ፣ አላምንዎትም።

አሮጌ ሎግ ያልተገኘበት ሌሊት ሲመጣ በከንቱ ይጮህ ይሆናል። ይጩህ።

ከማክበር ሰላምታ ጋር

ግልባጭ፦
ለሼል፣ ተራህ ደርሷል
ለኤግዛርግስ፣ አንተም ብዙ አትሳቅ
የተላከለትን ሁሉ ለሚውጠው ለዴቭ ናል፣ የዚህ ደብዳቤ መጨረሻ አንተ ጋ መሆኑን ስለማውቅ ቦታ አዘጋጅ