ዘፈኑ ይቀጥል፣ ዘፋኙ ይውጣ

የኬጂ ምርቃት ላይ ተገኝታችሁ ታውቃላችሁ? ጋዋኑ መሬት ይጠርጋል። ቆቡ አፍንጫ ላይ ወርዷል። ወላጅ በሙሉ ስልኩን ደግኗል። ተመራቂዎቹ ብቅ ሲሉ ከስፒከሩ አንድ አሜሪካዊ መብረር እንደሚችል በሙሉ እምነት ይዘፍናል። አር ኬሊ ነው። ዘፈኑ እ.ኤ.አ. በ1996 ወጥቶ እስከ ዛሬ ስንቱን አስመርቋል።

ዘፋኙ ግን እስር ቤት ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 ኒውዮርክ ውስጥ ፌዴራል ፍርድ ቤት ሰዎችን ለወሲብ በማዘዋወርና በተደራጀ ወንጀል ጥፋተኛ አለው። በዓመቱ 30 ዓመት ተፈረደበት። ከተበደሉት ውስጥ ዕድሜያቸው ያልደረሰ ልጆች ነበሩ። እንግዲህ ሕፃናት ፊት መከፈት የሌለበት አንድ ዘፈን ፈልጉ ብንባል ይኼው ነበር። ለአስተባባሪዋ ብትነግሯት መልሷ ዝግጁ ነው።

«ታዲያ ምን ላድርግ? ልጆቹ የተለማመዱት በሱ ነው!»

ጥበቡና ጠቢቡ ይለያያሉ የሚባለው ክርክር ሲጀመር ትልቅ ፍልስፍና ይመስላል። ሲያልቅ ግን ወላጅ ገብቷል፣ ኬኩ ደርሷል፣ ክፈተው።

ትልልቆቹ ድርጅቶችም ከአስተባባሪዋ አይሻሉም። የሙዚቃ ማዳመጫው ስፖቲፋይ እ.ኤ.አ. በ2018 የሰውየውን ዘፈኖች ራሱ ከሚያዘጋጃቸው ዝርዝሮች አወጣ። ፈልጎ ለሚመጣ ግን አልከለከለም። ብዙም ሳይቆይ ዘፈኖቹን ያወጣበትን ደንብ ራሱን ተወው። ዩቲዩብ በ2021 ቻናሎቹን ዘጋ፤ ዘፈኖቹን ግን በሙዚቃ አገልግሎቱ ላይ አልነካቸውም። ሰውየው በፊት ለፊት በር ወጣ፣ ድምፁ በጓሮ ገባ። በ2023 ደግሞ ፍርድ ቤት ከዘፈኖቹ ገቢ ከ500 ሺህ ዶላር በላይ ለተበዳዮች ካሳና ለቅጣቱ እንዲውል አዘዘ። ይህን ለአንድ ወዳጄ ነገርኩት።

«በለው! እንግዲያውማ ማዳመጥ ጽድቅ ነው» ብሎ ድምፁን ጨመረ።

የዚህ ወዳጄ ሕግ ግልጽ ነው። ዘፈኑን የማይወደው ዘፋኝ አንድ ነገር አጠፋ ሲባል ማጣራት አያስፈልገውም። «ድሮም ዓይኑ ደስ አይለኝም ነበር» ይላል። የሚወደው ዘፋኝ ሲሆን ግን ወዲያው ጠበቃ ይሆናል። ወሬ ነው። ቅናት ነው። ፍርድ ቤት ይወስን። እሷስ በዚያ ሰዓት እዚያ ምን ትሠራ ነበር? ማስረጃው ሲበዛበት፣ ፍርድ ቤቱም ሲወስን፣ ያቺን የመጨረሻ ካርድ ይመዛል፤ «ጥበብና ጠቢብ ይለያያሉ!» ልብ በሉ፣ መለያየታቸው ትዝ የሚለው ዘፈኑ ትከሻ ሲያስነቀንቅ ብቻ ነው። መጥፎ ዘፈን ያለው መጥፎ ሰው አንድም ተከራካሪ አግኝቶ አያውቅም።

አያቶቻችን በዚህ ነገር ከኛ ይልቁ ነበር። እነሱ ጥበቡን ከጠቢቡ የለዩት ጠቢቡ ምንም ሳያጠፋ ነው። ያለ አዝማሪ ድግሱ ድግስ አይባልም። ማሲንቆው ሲገባ ድግስተኛው ይነሳል፣ የአዝማሪው ግንባር ላይ ብር ይለጥፋል፣ «ተቀበል!» እያለ ግጥም ያቀብላል። ጎረቤቱን የሚሸነቁጠው ግጥም የራሱ የድግስተኛው ነው። የሚያወጣው ግን የአዝማሪው አፍ ነው። ጠብ ከተነሳ ጥፋተኛው ማን እንደሆነ አስቀድሞ ታውቋል። በነጋታው ይኼው አዝማሪ ለወንድ ልጁ ሽማግሌ ቢልክስ? እስከ ሰባት ቤት መቁጠር እንኳ ሳያስፈልግ ሽማግሌው ከደጅ ይመለሳል። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባላል። እኛ ባለቤቱን ንቀን፣ አጥሩን ተደግፈን ስንጨፍር ኖርን።

አሁን ዘፋኝ ተከብሯል። ጥያቄያችንም ተለውጧል። ሌላው ዓለም «ማንን በደለ?» ሲል እኛ «ለማን ዘፈነ?» እንላለን። ሚስቱን ደበደበ የተባለ ዘፋኝ «የቤት ጉዳይ ነው» ተብሎ ይታለፋል። (የቤት ጉዳይ የምንለው ነገር ብዛት!) ያልወደድነው መድረክ ላይ ለሁለት ደቂቃ የቆመው ግን አለቀለት። የዛሬ ሃያ ዓመት ያለቀስንበት የፍቅር ዘፈኑ ሳይቀር ድምፁ ይሻክራል። ዋሽንግተን ያለው ዘመዳችን ኮንሰርቱ እንዳይካሄድ ሰልፍ ይወጣል። ሰልፉ ሲያልቅ መኪናው ውስጥ ይገባል፣ መስኮቱን ይዘጋል፣ ያንኑ ሰውዬ ይከፍታል። ብቻውን ሲሆን አቋም አይጠየቅም።

የመንግሥት ፀባይም እንዲሁ ነው። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የመፈንቅለ መንግሥቱን ሙከራ ያስነሱት የክቡር ዘበኛ መኮንኖች ነበሩ። ጥላሁን ገሠሠ ደግሞ የክቡር ዘበኛ ዘፋኝ ነበርና ከግርግሩ በኋላ ታሰረ። ተፈትቶ በንጉሡም፣ በደርግም፣ በኢሕአዴግም ዘመን ዘፈነ። በ2001 ዓ.ም. ሲያርፍ የተቀበረው ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ነው። ንጉሠ ነገሥቱም እዚያው ናቸው። አሳሪና ታሳሪ በአንድ ግቢ። በየዘመኑ «ለማን ዘፈነ» ብሎ ያኮረፈው ሁሉ ዛሬ በዓል ሲደርስ የጥላሁን ድምፅ ካልተሰማ ዶሮው አይጥመውም።

እስራኤሎች ቢያንስ በግልጽ ይጣላሉ። ጀርመናዊው ቫግነር እ.ኤ.አ. በ1850 አይሁዶችን የሚያንቋሽሽ ጽሑፍ የጻፈ፣ በኋላም ሂትለር የወደደው የሙዚቃ ደራሲ ነው። ከ1938 ጀምሮ ሙዚቃው እነሱ ዘንድ በልማድ እንደታገደ ኖረ። እ.ኤ.አ. በ2001 የኦርኬስትራ መሪው ዳንኤል ባሬንቦይም ኢየሩሳሌም ውስጥ የተያዘለትን ዝግጅት ጨርሶ ወደ ታዳሚው ዞረና «ቫግነርን ልጫወት?» አለ። ግማሽ ሰዓት ያህል ተጨቃጨቁ። ያልፈለገ በሩን አጋጭቶ ወጣ። የፈለገ ቁጭ ብሎ ሰማ።

ይህን ዘዴ አዲስ አበባ ሠርግ ላይ ሞክሩት። የሙሽራው ወገን ዲጄውን ጠጋ ብሎ «እገሌ እንዳይከፈት» ይለዋል። የሙሽሪት ወገን «እገሊትም!» ይላል። አጎት በፖለቲካው ይሰርዛሉ። አክስት በትዳሩ ይሰርዛሉ። ሚዜው ቲክቶክ ላይ ባየው ነገር ይሰርዛል። አንዲት እናት «እሱማ ሃይማኖቱን ቀይሯል» ብለው ግማሽ ፍላሽ ያስጠፋሉ። በመሣሪያ ብቻ የተቀናበረ ቢከፈት ደግሞ «ሳክስፎኑን የሚነፋው ማነው?» የሚል አይጠፋም። ዲጄው ላብ በላብ ሆኗል። ሙሽሮቹ በር ላይ ቆመዋል። በመጨረሻ የቀረው ማን እንዳወጣው የማይታወቅ የድሮ የሙሽራ ዘፈን ነው። ባለቤቱ ስለማይታወቅ ጥፋቱም አይታወቅም።

«እሱን ልክፈተው፣ ጋሼ?»

አጎት ትንሽ አሰቡ።

«ዜማው የየት አገር ነው?»