ተንከባካቢ ከአረጋውያኑ ጋር ይዘጋ ወይስ ማታ ቤቱ ይግባ?

ኮሮና አገራችን መግባቱ የተነገረው መጋቢት 4 ቀን 2012 ነው። በዚያው ወር ማብቂያ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ደሴ ውስጥ ባለ አንድ የአረጋውያን መጦሪያም አንድ ጥያቄ ተነሳ። አረጋውያኑን የሚያጥቡ፣ የሚያጎርሱ፣ የሚያገላብጡ ሠራተኞች ግቢው ውስጥ ተዘግተው ይክረሙ? ወይስ እንደ ወትሮው በፈረቃ እየገቡ ይውጡ? መዘጋቱ ለ3 ሳምንት ተሞከረ፣ ከዚያ ቀረ። በቤቱ የሠሩ ሁለት ሰዎች ግን ዛሬም አልተስማሙም። አንደኛው በጡረታ ላይ ያሉ ነርስ ናቸው፤ ያኔ በበጎ ፈቃድ ያገለግሉ ነበር። ሁለተኛዋ ተንከባካቢ ናት። ለእያንዳንዳቸው ቦታ ሰጥተናል።

ነርሱ፦

እኔ ይዘጋ ባይ ነኝ።

አረጋዊ ሰው በኮሮና ሲያዝ እንደ ወጣት አያስታውቅም። ትኩሳት ላይኖረው ይችላል። ሳልም ላይኖረው ይችላል። ምግብ እምቢ ይላል፣ ይቃዣል፣ ሲነሳ ይወድቃል። “እርጅና ነው” ተብሎ ይታለፋል። እስኪነቃበት ድረስ በሽታው ክፍሉን አዳርሷል። ስለዚህ መያዝ ያለበት በሩ ላይ ነው። በሩን የሚያልፈው ደግሞ ማን ነው? አረጋውያኑ አይወጡም። ጠያቂ ተከልክሏል። የቀረነው እኛው ነን። በሽታው ምልክት ሳያሳይም ይተላለፋል፤ ግንባር ላይ የምንደግነው ቴርሞሜትር ያንን አይዝልንም።

ወሎ ላይ ደግሞ ለቅሶ አለ። አንዲት ተንከባካቢ ጎረቤቷ ሞተ። ቂሬው፣ ማለትም የቀብር እድሩ፣ ወጣ። መቅረት አትችልም፤ ነገ የራሷን ሰው ማን ይቀብርላታል? ሄደች፣ አለቀሰች፣ ንፍሮ ቀመሰች። በሦስተኛው ቀን ሥራ ገባች። ከሳምንት በኋላ ሁለት አረጋውያን ታመሙ፤ አንደኛዋ አልተረፉም። ከእሷ ነው የመጣው ብዬ አልምልም። እሷ ግን እስከ ዛሬ እንደዚያ ታስባለች። ያኔ በሩ ተዘግቶ ቢሆን ይህ ሸክም ባልወደቀባት ነበር። “ከአረጋውያን ጋር ተዘግታለች” ከተባለ ቂሬውም አይቀየማትም።

ተንከባካቢዋ፦

ጋሼ፣ የዚያችን ልጅ ነገር ሲያነሱ ሆዴ ተላወሰ። ግን እሷ ለቅሶ በወጣችበት ሳምንት ስንት ማስክ ተሰጣት? አንድ። ማታ ታጥበዋለች፤ ጠዋት እርጥቡን አድርጋው ትመጣለች። ጓንትም ስለማይበቃ በአንዱ ጥንድ ሁለት ሰው የምናጥብበት ቀን ነበር። ስለ በሩ ከማውራታችን በፊት ስለ እጃችን እናውራ።

ሥራውን ለማያውቅ ልንገር። ዳይፐር መለወጥ አለ። ገላ ማጠብ አለ። አጥሚት በማንኪያ፣ ትንሽ ትንሽ፣ እንዳያንቃቸው ቀና አድርጎ ማጠጣት አለ። መነሳት የማይችሉትን ሌሊትም ጭምር በየ2 ሰዓቱ ማገላበጥ አለ። ካልተገላበጡ ጀርባቸው፣ ዳሌያቸው፣ ተረከዛቸው ይቆስላል፤ ቁስሉ ከከፋ አጥንት ድረስ ይዘልቃል። በሬዲዮ “ተራራቁ” ሲባል እንሰማለን። ሰው ተራርቆ አይታጠብም። ደግፈሽ ስታነሺያቸው ትንፋሻቸው አንገትሽ ላይ ነው። ጆሯቸው የከበደው ከንፈራችንን እያዩ ነበር የሚሰሙን፤ ማስኩ ያንን ወሰደባቸው። የመርሳት ችግር ያለባቸው ደግሞ ማስኩን ይጎትቱታል። አንዲት እናት በየቀኑ “ፊትሽን አሳዪኝ፣ የማን ልጅ ነሽ?” ይሉኝ ነበር። እነግራቸዋለሁ። ይመርቁኛል። ትንሽ ቆይተው ደግሞ ይጠይቁኛል።

ይህን ለ8 ሰዓት ሠርቶ ቤት መግባት ይቻላል። የተዘጋንባቸውን 3 ሳምንታት ግን ያስታውሱ። 12 የነበርነው 5 ቀረን። እንቅልፍ የለም። የአንድ አባት ተረከዝ መቁሰል የጀመረው በዚያ ጊዜ ነው። ያቆሰልናቸው እኛ ነን። ሰዓቱ ሲደርስ መነሳት አቅቶን ነው። ኮሮና አልነካቸውም፤ ቁስሉ ግን ወራት አሰቃያቸው። ደመወዛችን ደግሞ ያው የ8 ሰዓቱ ነበር።

እናቴም አለች። ሸዋ በር ነው ቤታችን። ስኳር አለባት። በዚያ 3 ሳምንት መድኃኒቷን ጎረቤት ነበር የሚሰጣት። የሰው እናት ለማጠብ የራሴን ለሰው ተውኩ። በየሌሊቱ ይህን አስብ ነበር።

ነርሱ፦

የተረከዙ ነገር እውነት ነው። ቁስሉን መዝገብ ላይ ያሰፈርኩት እኔ ነኝ። ምክንያቱን ግን አልጻፍኩም። መጻፍ ነበረብኝ።

ያም ሆኖ ሌላ አገር የሆነውን እይ። በፈረንጆቹ 2020 እስፔን ውስጥ ወታደሮች መጦሪያ ቤቶችን ሊያጸዱ ሲገቡ የተጣሉ አረጋውያን አገኙ፤ አንዳንዶቹ አልጋቸው ላይ ሞተው ነበር። ካናዳ በመጀመሪያው ማዕበል ከሞቱት ሰዎች ከ100ው 80 ያህሉ በእንዲህ ዓይነት ቤቶች የነበሩ ናቸው። ፈረንሳይ ሊዮን አጠገብ ግን የአንድ መጦሪያ ሠራተኞች ከአረጋውያኑ ጋር 47 ቀን ተዘጉ። ወለል ላይ ፍራሽ ዘርግተው ነበር የሚያድሩት። ቤቱን በሽታ ሳይገባው አለፈ። አንቺ ግን ያን ሰሞን ከሸዋ በር ፒያሳ በታክሲ ትመጫለሽ። ስንት ሰው ነክተሽ ነው የምትደርሺው?

ደግሞ ያ ጊዜ ክፉ ብቻ አልነበረም፣ ልጄ። ሚያዝያ 11 ፋሲካ ሆነ። ሙስሊሞቹ ተንከባካቢዎች ለክርስቲያኖቹ አረጋውያን ዶሮውን እያለዘቡ አጎረሱ። በ5ኛው ቀን ረመዳን ገባ። ክርስቲያኖቹ ደግሞ ሌሊት ተነስተው ሱሑር አሞቁላችሁ። ማታ ስታፈጥሩ ግቢው ውስጥ ዱዓ ሆነ፣ ቡናው ጀባ ተባለ። ከዘመድ ተለይተው የከረሙ አረጋውያን ያን ጊዜ ሰው ከበባቸው። “እንደ ቤተሰብ ሆንን” ያልሽኝ ራስሽ ነሽ።

ተንከባካቢዋ፦

ብያለሁ። ዛሬም እላለሁ። ወላሂ ያን ቡና አልረሳውም። ግን ቤተሰብ ሆንን ማለት እናቴን ረሳሁ ማለት አይደለም።

የፈረንሳዮቹን ነገር እኔም ሰምቻለሁ። እነሱ ራሳቸው ፈቅደው ነው የገቡት። እኛን ግን “የማይገባ ሥራውን ለቋል” ነው ያሉን። ደግሞ የእነሱ 47 ቀን ነው። እዚህ ስንት ሊሆን ነበር? የመጀመሪያው ክትባት፣ 2.2 ሚሊዮን ዶዝ፣ አገር ውስጥ የገባው የካቲት 28 ቀን 2013 ነው። መከተብ የተጀመረው መጋቢት 4 ነው፤ በሽታው በተገኘ ልክ በዓመቱ። ሰው 47 ቀን ትንፋሹን ይይዛል። ዓመት ግን አይይዝም።

ስለ ካናዳም ልንገርዎ። የአክስቴ ልጅ እዚያ በዚሁ ሥራ ላይ ናት። የአንዱ ቤት ደመወዝ ስለማይበቃ ብዙዎቹ ሁለት ሦስት ቤት ይሠሩ ነበር። በሽታውም አብሯቸው ከቤት ቤት ዞረ። ብሪትሽ ኮሎምቢያ የሚባለው ክፍለ ሀገር ምን አደረገ? በሠራተኞቹ ላይ በር አልዘጋም። አንድ ሰው አንድ ቤት ብቻ ይሥራ አለ። ደመወዙንም ከፍ አድርጎ እኩል አደረገው። እኛም ቤት ከሥራ በኋላ ሰው ቤት ልብስ የምታጥብ ነበረች። ለምን? ይህኛው ስለማይበቃት። በሽታ የሚገባው በዚህ ቀዳዳ ጭምር ነው።

ነርሱ፦

ገንዘቡ ሲኖር እሺ። ገንዘቡ ሳይኖርስ? በሽታው በጀት እስኪጸድቅ አይጠብቅም።

የሥራ ጓደኛሽን አከራይዋ በሽታ ታመጪብኛለሽ ብላ ዕቃዋን በረንዳ ላይ አውጥታ አልጠበቀቻትም? ግቢው ውስጥ ብትሆን ማን ያባርራት ነበር? ዓመት ሙሉ ይዘጋ አልልም። 14 ቀን ገብቶ 14 ቀን ይውጣ እላለሁ። ሲመለስ ይመርመር። ይህን እንኳ ብንይዝ እኒያ እናት ዛሬ በነበሩ ብዬ አስባለሁ። በሕይወት እያሉ የታጠቡበትን ውሃ ያሞቅሁት እኔ ነኝ። ይህ ነገር አይለቀኝም።

ተንከባካቢዋ፦

አላህ ይዘንላቸው። እኔንም አይለቀኝም።

14 በ14ውን እቀበላለሁ። ለዚያ ግን ሁለት ቡድን ያስፈልጋል። 5 ሰው አይበቃም። አዳሩ እንደ ሥራ ይቆጠር። የሚወጣው ቡድን ደመወዙ አይቆረጥ፤ ከተቆረጠ በ14 ቀኑ ሌላ ሥራ ይፈልጋል፣ የዘጉት በር ለከንቱ ይሆናል። ማስክና ጓንት ይቅደም። ይህ ሳይሟላ ዝጉ ከተባለ ግን አልስማማም። የበጀቱን ጉድለት በእኛ እንቅልፍና በእኒያ አባት ተረከዝ መሙላት ነው የሚሆነው።

ሌላ ወረርሽኝ ቢመጣ እርስዎ እንደገና በሩ ላይ እንደሚቆሙ አውቃለሁ። ከመዝጋትዎ በፊት ሰብስበው “ማን ይገባል?” ብለው ይጠይቁን። እጄን አወጣለሁ። እናቴን ማን እንደሚያይልኝ ግን መጀመሪያ ይነግሩኛል።