ፖስተሩን የሠራው ማን ነው?

ዛሬስ በቃኝ! ጓደኛዬ ለደብረ ብርሃኑ የሙዚቃ ድግስ በእጁ አትሞ በ300 ብር የሸጠው ፖስተር፣ በሳምንቱ ቴሌግራም ላይ 4000 ብር ተጠየቀበት። ከጥቅሉ እንኳን አልወጣም! የታተመው 100 ብቻ ነው። እያንዳንዱ ወረቀት ሦስት ጊዜ ቀለም ገብቶበታል። በዚያ ብርድ ቀለሙ አልደርቅ ብሎት፣ ከሰል አቀጣጥሎ ወረቀቱን ሲያገላብጥ አድሯል። ጥፍሩ ሥር ያለው ሰማያዊ ቀለም እስከ አሁን አልለቀቀም። አሥሩን በአንዴ አፍሶ የሄደው ሰው ምን ደከመ? ሙዚቃውንስ ሰማ? ድግሱ ሳይጀመር ወጥቷል! ከኋላው የተሰለፉት ተማሪዎች ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። ፈረንሳይ እኮ የሠዓሊ ሥራ እንደገና ሲሸጥ ለሠዓሊው ድርሻ የሚሰጥ ሕግ ያወጣችው እ.ኤ.አ. በ1920 ነው! ጓደኛዬ ከዚያ 4000 ብር ስንት ይደርሰዋል? ሰባራ ሳንቲም አይደርሰውም። ለሚቀጥለው ሥራ ቀለም የሚገዛው በብድር ነው።