ከልጁ እጅ የነጠቅነው ምድጃ

ወገኖቼ፣ በተለይ እዚህ አሜሪካ ልጅ የምታሳድጉ፣ ዛሬ የምጽፍላችሁ ተቆጥቼ ነው።

ባለፈው ቅዳሜ ሜሪላንድ ውስጥ ልደት ተጠርተን ነበር። ልጁ አምስት ዓመት ሞላው። ኬኩ ተቆረሰ፣ ስጦታ መከፈት ጀመረ። እናቱ ሲለምናት የከረመውን ገዝታለታለች፦ የመጫወቻ ምድጃ፣ ከነድስቱ ከነማንኪያው። ካርቶኑ ሮዝ ነው፣ ላዩ ላይ ያለችውም ሴት ልጅ ናት። ልጁ በደስታ ጮኸ። እዚያው ምንጣፉ ላይ ቁጭ ብሎ ድስቱን ጣደ። "ሽሮ የሚበላ ማነው?" እያለ በየተራ ይጠይቀን ጀመር። አጎቱ ብድግ ብሎ ከእጁ ነጠቀው። "ሴታሴት ልታደርጉት ነው እንዴ?" አለ። ምድጃውን ለእህቱ ሰጣት፣ እሱን የፕላስቲክ ሽጉጥ አስያዘው። ቤቱ በሳቅ ሞላ። ልጁ አላለቀሰም። ዞር ዞር ብሎ ፊታችንን አየና እሱም ሊስቅ ሞከረ። ይሄን ይቅር ማለት አቃተኝ።

"ባህላችን ነው" አትበሉኝ። እኛም ጋ ወንድ ልጅ ጓዳ አይግባ ይባላል፣ አልክድም፤ እሱም መታረም አለበት። የሮዙን አጥር ያጠረው ግን የአሜሪካ ነጋዴ ነው። በ1963 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር የወጣው ኢዚ ቤክ የተባለው የልጆች ምድጃ፣ በአምፖል ሙቀት ኬክ ይጋግር የነበረው፣ መጀመሪያ ሮዝ አልነበረም። በ1981 የመገጣጠሚያ መጫወቻ የሚሠራው ሌጎ ባወጣው ማስታወቂያ ላይ ጂንስ የለበሰች፣ ቀይ ጸጉሯ የተጎነጎነ ልጅ የሠራችውን ይዛ ትስቃለች። በ1984 መንግሥት በልጆች ቴሌቪዥን ማስታወቂያ ላይ የነበረውን ገደብ አነሳ። በ1970ዎቹ ላልቶ የነበረው አጥርም እንደገና ጠበቀ። ወንድና ሴት ልጅ ያለው ቤት አንዱን ዕቃ በሁለት ቀለም ቢገዛ የትኛው ነጋዴ ይጠላል? እኛ የምንሟገተው ለዚህ ገበያ ነው።

በ2012 ኒው ጀርሲ ውስጥ አንዲት የ13 ዓመት ልጅ፣ ምድጃ ለሚወደው የአራት ዓመት ወንድሟ ብላ ፊርማ አሰባሰበች። በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ፈረመላት። ኢዚ ቤክን የሚሠራው ኩባንያም ጥቁርና ብርማ ምድጃ ሠራ። እሷ ልጅ ሆና ለወንድሟ ቆመች። እኛ ያን ያህል ትልልቅ ሰው ተቀምጠን አንድ ቃል ጠፋን።

ስንቱን ተናግሮ ስንቱ ይሰማል? ደክሞኛል። ግን ገና እየደረሰ ነው፣ ሁላችሁም መጫወቻ ልትገዙ ነው። ልጁን ጠይቁትና ያለውን ግዙለት። አጎቶች፣ ሽሮውን ብትቀምሱለት ደስ ይለዋል። ካልሆነላችሁ ደግሞ እባካችሁ እጃችሁን ሰብስቡ። ለዘንድሮ ይቺ ብትሆን ይበቃኛል።